በሰኔ ኡራኤል የተነሳው ጉርድ ፎቶ

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ እንዳትታዘቡኝ ነው፤ የምነግራችሁ ነገር ከሥር እስከ ጫፍ የመጣው ከፍርሃቴ ነውና። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ ፎቶ ቤት አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬአለሁ። የሰፈሩ ሰው "ጌታቸው ቆይ" ይለኛል፤ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር አፌ ላይ የምትቀድመው ቃል "ቆይ" ስለሆነች ነው። ሰው ሁሉ ከፊልም ካሜራ ወደ ዲጂታል ሲዞር "ቆይ እስቲ፣ ነገሩ ይረጋጋ" እያልኩ ፊልም የሚያጥብልኝ እስካጣ ድረስ ብቻዬን ቀርቼ ነበር።

ያን ጊዜ የምሠራበት ኮምፒውተር አሥራ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲያመጣልኝ በላዩ ላይ የነበረው ዊንዶውስ አብሮኝ አረጀ። የደንበኞቼን ፎቶ በሙሉ የማስቀምጠው ኮምፒውተሩ ሲከፈት ፊት ለፊት በሚታየው ገጽ ላይ ነው፤ ዐይኔ ያላየው ነገር የጠፋ ይመስለኛል። የኮምፒውተሩ የውስጥ ባትሪ ከሞተ ዓመታት ስላለፉት ቀኑን አያውቅም ነበር፤ በበራ ቁጥር ወደ ተሠራበት ዓመት ይመለሳል። ስለዚህ ለየዓመቱ አንድ ፎልደር ከፍቼ፣ በውስጡ ያሉትን በዕለቱ ታቦት እሰይማቸዋለሁ። "ጥር ሥላሴ"፣ "ግንቦት ጊዮርጊስ"፣ "ኅዳር ሚካኤል" እያልኩ። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ እኔ ግን አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ትልልቅ ፎቶ የሚያትም አዲስ ማሽን በገዛሁ ጊዜ ነው። አምጥቼ ብሰካው አሮጌው ዊንዶውስ አላውቀውም አለ። ማሽኑ ሦስት ወር ሙሉ ነጠላ ለብሶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ባለቤቴ ተዋበች ሱቅ በመጣች ቁጥር ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ታየውና "ማሽን ነው የገዛኸው ወይስ ታቦት?" ትለኛለች። በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ ጠዋት ጠዋት ይህ ዊንዶውስ ጊዜው አልፏል፣ ወደ አዲሱ ይሻገሩ የሚል መልእክት ማምጣት ጀመረ። ከሥሩ ሁለት መጫኛ አለ። አንደኛው አሁን ይላል፣ ሁለተኛው በኋላ አስታውሰኝ ይላል። የቱን እንደምጫን እናንተም ሳትገምቱ አትቀሩም።

ከእኔ ቀጥሎ ባለው ሱቅ ኮምፒውተር የምትጠግን ራሔል የምትባል ወጣት አለች። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ አባቷን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ነገር የማትደጋግም ልጅ ናት። እሷ እንኳ ለእኔ ስትል ደጋገመች። "ጋሼ፣ ይሄ ኮምፒውተር አንድ ቀን ሳይነግርህ ይሞታል" አለችኝ። እኔም አሥራ አራት ዓመት ያልሞተ ዛሬ ምን ይገድለዋል፣ ደግሞ የሚሠራ ነገር አይነካም እላታለሁ። የሚያስፈራኝ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ግን ወደ ኮምፒውተሩ ሳጥን አመለከትኩ። በቃ ያስፈራኛል። ከዚያ ሳጥን ውስጥ የግማሽ ከተማው ፊት አለ። የተጋባው፣ የተመረቀው፣ የሞተው ሁሉ እዚያ ነው። አንዲት ነገር ብነካ ሁሉም ተያይዞ የሚጠፋ ይመስለኛል።

ታኅሣሥ ገብቶ አንድ ሳምንት እንዳለፈ፣ ኮምፒውተሩ በሥራ መሐል ግማሽ ሰዓት ያህል ደርቆ ቀረብኝ። ሲነቃ እኔም ነቃሁ መሰለኝ፣ ራሔል ጋ ሄጄ እንግዲህ እንሻገር አልኳት። ደስ አላት። የራሷን ሃርድ ዲስክ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝና ዛሬውኑ ፎቶዎቹን በሙሉ እዚህ ላይ ገልብጥ፣ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት እጀምርልሃለሁ አለችኝ። ስትወጣም ዞር ብላ "ሳትገለብጥ እንዳትጠብቀኝ" አለች።

አልገለበጥኩም። ጥፋቴ ይህ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ ባመጣው ፍላሽ ቫይረስ ገብቶ ፎልደሮቼን በሙሉ ደብቆብኝ ሁለት ቀን ሙሉ አልቅሻለሁ ማለት ይቻላል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የሰው ፍላሽ ኮምፒውተሬን ነክቶ አያውቅም። የራሔል ዲስክ ደግሞ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያልገባበት ኮምፒውተር የለም። እንዲያውም ሌላም ነገር ያሰጋኝ ነበር፤ የሰው ፊት አደራ ነው፣ የስንት ሴት ልጅ ፎቶ ተሸክሞ ከሱቅ ሱቅ ሊዞር ነው እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ ራሔል ገለበጥክ ወይ ስትለኝ አዎ አልኳት። ዲስኩስ ስትለኝ ቤት አስቀመጥኩት አልኳት። ዐይኔን በጨው አጥቤ ዋሸኋት።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጀመረች። ፋይሎቹ ባሉበት ይቆያሉ፣ ዊንዶውሱ ብቻ ነው የሚለወጠው፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ መብራት ብቻ አይጥፋ፣ ምንም ነገር እንዳትነካ አለችኝና ወደ ሱቋ ሄደች። መብራት ቢጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ዩፒኤስ አለህ አይደል ስትለኝም አለኝ አልኳት። እሱስ ነበረኝ። ባትሪው ከሞተ ስለቆየ እግሬን የማሳርፍበት ሆኗል እንጂ።

ከኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ቁጥሩን ማየት ጀመርኩ። አምስት በመቶ። ሰባት በመቶ። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ጠዋት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ውርጩ ገና ከቆርቆሮው ላይ አልለቀቀም፣ ሲተነፍሱ ጭስ ይወጣል። ሠላሳ አንድ በመቶ ላይ ሲደርስ በሩ ተከፈተና አንድ ጋቢ የለበሱ፣ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ የነካው ሽማግሌ ገቡ። ሸዋንግዛው እባላለሁ፣ ከአንኮበር ነው የመጣሁት አሉኝ። ወንበር ሰጠኋቸው።

የእኅታቸውን ልጅ ታምራትን አውቀው እንደሆነ ጠየቁኝ። እዚህ ፎቶ እንደተነሳ ጓደኛው ነግሯቸዋል። ባለፈው ክረምት መግቢያ ከአገር ወጥቶ ነበር። ከአምስት ቀን በፊት መርዶው መጣ።

"ሬሳ የለም" አሉኝ፤ "ባሕር ነው የበላው። ነገ ስድስት ሰዓት እርሙ ይወጣል። የሚለቀስለት ልብሱና ፎቶው ነው።"

ቤት ውስጥ ፎቶ እንደሌለ አከሉልኝ። ስልኩ አብሮት ሄዷል። ያለችው አንዲት የተማሪ ካርድ ናት፣ እሷንም ዝናብ ነክቷት ፊቱ ጠፍቷል። ከሁሉ የባሰው ግን እኅታቸው ወይዘሮ አስካለ መርዶውን ከሰማች ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ቁጭ ብላ ልጄ ካላየሁት አልሞተም ትላለች። "ዐይኗ ደርቋል" አሉኝ። "ነገ ፊቱን አይታ እርሟን ካላወጣች ከእጃችን ልትወጣ ነው።"

ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ። ሠላሳ ስድስት በመቶ ይላል። አባባ፣ ፎቶው አለ፣ ትልቅ አድርጌ አትምልዎታለሁ፣ ቆይ ብቻ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይጠብቁኝ አልኳቸው። ቆይ የምትለዋን ቃል እንደዚያን ቀን ጠልቻት አላውቅም።

ልጁን አስታወስኩት። ዝናብ ያበሰበሰው፣ ቀጭን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አራት ጉርድ ፎቶ ፈለገ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ለሥራ ነው አለ። ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ካሜራውን ሳስተካክል ከንፈሩ ሲላቀቅ አየሁና፣ እንደ ልማዴ ለመቀለድ ብዬ፣ ጉርድ ላይ አይሳቅም፣ ከሳቅህ "ይሄ ልጅ እዚሁ ደልቶታል" ብለው ሥራውን ይከለክሉሃል አልኩት። ይባስ ብሎ ሳቀ። ሳላስበው ጣቴ ተጫነችው። ተቆጣሁ፣ አፍህን ዝጋ አልኩት፣ ዘጋ፣ ደገምኩት። የወሰደው ሁለተኛውን ነው። ያኔ የት ልትሄድ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም።

አባባ ሸዋንግዛው ወንበራቸው ላይ ሆነው ቁጥሩን አብረውኝ ያያሉ። እኔ ደግሞ ያን ባዶ ዲስክ አሰብኩት። መሳቢያው ውስጥ ሆኖ የሚያየኝ መሰለኝ። ቁጥሩ አርባ አራት ላይ ቆመና አልንቀሳቀስ አለ። ጣቶቼ ደነዘዙ። እሳቸውም እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከትተው ሲንቀጠቀጡ አየሁና፣ ሽማግሌውንም ራሴንም ላሙቅ ብዬ፣ ከኋላ ያለውን የኤሌክትሪክ ምድጃ አውጥቼ ሰካሁት። ምድጃው ቀስ እያለ ቀላ። አርባ ስድስት በመቶ።

ከዚያ ጣ የሚል ድምፅ ሰማሁና ሁሉም ነገር ጠፋ። ምድጃውም፣ አምፖሉም፣ ቁጥሩም። የኮምፒውተሩ ገጽ ላይ የራሴን ፊት ብቻ አየሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት እውነት ነው። ሮጬ በሩ አጠገብ ያለውን የመብራት ማቋረጫ፣ ብሬከሩን፣ ወደ ላይ መለስኩት። ኮምፒውተሩ ጉሮሮውን እንደመጥረግ ብሎ ሊነሳ ሲል ብሬከሩ መልሶ ወረደ። እንደገና መለስኩት። አሁንም ወረደ። ለሦስተኛ ጊዜ ስመልሰው ከኮምፒውተሩ ውስጥ ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀው፣ ብረት ብረትን ሲፍቅ የሚመስል ድምፅ ወጣ። ድምፁን የሰማችው ራሔል ከውጭ እየሮጠች ገባች። በዐይኗ አንድ ጊዜ ሱቁን ቃኘችና ሄዳ ምድጃውን ነቀለችው። ለካ መስመሩ ያልቻለው ምድጃ እንደተሰካ ነው ሦስቴ ያበራሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመውም አልተረፈኝም።

ብሬከሩ ቆመ፣ መብራት መጣ፣ ኮምፒውተሩ ግን ጥቁር ገጽ ላይ አንዲት ነጭ መስመር አውጥቶ ቀረ። ራሔል ተረጋግታ ነበር። ምንም አይደል ጋሼ፣ ፎቶዎቹ ኮፒ አላቸው፣ ከቤት ዲስኩን አምጣው አለችኝ። አባባ ሸዋንግዛው ቀና ብለው አዩኝ። መሳቢያውን ከፍቼ፣ ጨርቁን ፈትቼ፣ ባዶውን ዲስክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት። አልተቆጣችኝም፤ ዲስኩን ትንሽ ጊዜ አይታው መፍቻዋን ልታመጣ ወጣች።

የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍታ ፎቶዎቹ ያሉበትን ዲስክ አወጣች። እሷ ሱቅ ወስዳ ከራሷ ኮምፒውተር ጋር በገመድ አያያዘችው። አባባ ሸዋንግዛውና እኔ ከኋላዋ ቆመናል። ዲስኩ ሲዞር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ይቆማል፣ ከዚያ ደግሞ ይጀምራል። እንዲህ እያለ ሰባት ሰዓት ሆነ። ምሳ የበላ የለም። ስምንት ሰዓት አካባቢ የፎልደሮቼ ስሞች አንድ በአንድ ወጡ። እልል ልል ነበር። ራሔል ግን እጇን አነሳች።

"ጋሼ፣ ይሄ ዲስክ እየሞተ ነው" አለችኝ። "ምናልባት ጥቂት ነገር ያነብልን ይሆናል። ከዚያ በኋላ አላውቅም። መጀመሪያ የቱን ላውጣ?"

እውነቱን ልንገራችሁ። እዚያ ስም ዝርዝር ውስጥ የልጆቼ ክርስትና አለ። አባቴ ከመሞቱ በፊት ያነሳሁት የመጨረሻው ፎቶ አለ። ዐይኔ እሱን ፈልጎ አግኝቶታል። ግን የታምራትን አልኳት። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፤ ከኋላዬ የቆሙትን ሽማግሌ ስለፈራሁ ነው።

የታምራት ግን በየትኛው ፎልደር ነው? ሰኔ እንደነበር አውቃለሁ፣ ዝናቡን አስታውሳለሁ፤ ቀኑን አላስታወስኩም። ያለፈው ሰኔ ፎልደሮች ሃያ አራት ናቸው። እያንዳንዱን እየከፈትን እንዳንፈልግ ዲስኩ አይችልም። አባባ ሸዋንግዛውን ከቤት የወጣበትን ቀን ጠየቅኳቸው። ግንባራቸውን ይዘው ቆዩ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል።

"ማርያምን አብረን አስቀድሰናል" አሉ በመጨረሻ። "ጸበል ጻዲቁን በልተን እኔ ቤት አደረ። በማግስቱ ጠዋት ደብረ ብርሃን ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ።"

የማርያም ማግስት ኡራኤል ነው። እሳቸውና እኔ እኩል አልነው። ራሔል ሁለታችንንም ዞር ብላ አየችን፣ ከዚያ ጣቷን "ሰኔ ኡራኤል" የሚለው ላይ አደረገች።

ፎልደሩ እስኪከፈት ሩብ ሰዓት ፈጀ። የታምራት ፎቶዎች ሁለት ነበሩ። መጀመሪያ አፉን ዘግቶ የተነሳውን፣ ትክክለኛውን ጉርድ፣ አወጣችው። ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መታየት ጀመረ። ፀጉሩ መጣ። ግንባሩ መጣ። ቅንድቡና ዐይኖቹ መጡ። ከአፍንጫው በታች ግን ግራጫ ነው፣ አመድ የመሰለ ግራጫ ብቻ። ጠበቅን። አልመጣም። አባባ ሸዋንግዛው የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው "ባሕሩ እዚህም አገኘው?" አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ፈርቼ አላውቅም። ግማሽ ፊት ይዤ የእናቱ ድንኳን ስገባ ታየኝ።

ራሔል ሌላውን፣ የሳቀበትን፣ ነካች። ዲስኩ ጮኸ። ፀጉሩ፣ ግንባሩ፣ ዐይኖቹ፣ አፍንጫው። ከዚያ ጥርሱ መጣ። ሙሉ ሳቅ፣ ዐይኑ እስኪጠብ ድረስ፣ ከአንገቱ ላይ ዝናቡ ገና ሳይደርቅ። ራሔል ፎቶውን ወዲያው በሁለት ቦታ አስቀመጠችው። አሁን ሌሎቹን እንሞክር ብላ ስትመለስ ዲስኩ አንድ ጊዜ ረዘም ያለ ድምፅ አውጥቶ ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሰም።

ደስ ብሎኝ ዞር ስል የአባባ ሸዋንግዛው ፊት ጠቁሯል። ለቅሶ ላይ ጥርሱን የሚያሳይ ፎቶ ይቆማል ወይ፣ ሰው ምን ይላል፣ እናቱስ ምን ትላለች አሉ። ልክ ናቸው። በእኛ አገር ለሙት ፎቶ ሲመረጥ ኮስተር ያለው ነው የሚመረጠው። ራሔል ከፈለግን አፉን በኮምፒውተር መዝጋት እንደሚቻል ነገረችን። እኔም ስንት ሙሽራ ያቀላሁ፣ ስንት ብጉር ያጠፋሁ ሰው፣ እጄን ዘረጋሁ። ግን የሬሳ አፍ ስዘጋ ታየኝና እጄን መለስኩ። አልችልም አልኳት።

ማሽኑን ከነነጠላው ወደ ራሔል ሱቅ ተሸክመን ወሰድነው። የእሷ ኮምፒውተር አዲሱ ዊንዶውስ ስላለው አፍታም ሳይቆይ አወቀው። ሦስት ወር ሙሉ ከተሸፈነው ማሽን መጀመሪያ የወጣው ሥራ የታምራት ሳቅ ነበር። አባባ ሸዋንግዛው ሊይዙት አልፈለጉም። "እኔ ይህን ይዤ እኅቴ ፊት አልቆምም፤ አንተው መጥተህ ስጣት" አሉኝ።

ዓርብ ጠዋት አብረን በሚኒባስ ተሳፈርን። ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ፊቱን ወደ ደረቴ አድርጌ አቀፍኩት። የአንኮበሯ ጎረቤላ እስክንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር፤ ሾፌሩ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቶ ነው የሚነዳው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ገደሉን እያሰብኩ የእመቤቴን ስም ነበር የምጠራው። ያን ቀን ግን ገደሉ ትዝም አላለኝ። የማስበው አንዲት ሴት ፎቶውን ከእጄ ነጥቃ ልጄ ሞቶ ትስቁብኛላችሁ ስትለኝ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቷል። ፊት ለፊት ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ፣ በላዩ የታጠፈ ጃኬትና አንድ ጥንድ ጫማ ተቀምጧል። መሐሉ ለፎቶው ክፍት ተትቷል። ወይዘሮ አስካለ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጣለች። ጥቁር ለብሳ፣ ቀጥ ብላ፣ ዐይኗ እንደ ተባለው ደርቆ። ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። ፊቷ ተንበረከክሁ።

"እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳት። "ደህናው ፎቶ በእኔ እጅ ተበላሸ። የቀረው ይሄ ነው። ጉርድ ላይ አይሳቅም ብዬ ተቆጥቼው ነበር፤ አልሰማኝም።"

ጋዜጣውን ራሷ ፈታችው። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች አንድ ጊዜ ተነፈሱ። መዳፏን ሳቁ ላይ አሳረፈችው። ሸፈነችው። ዐይኖቹን ብቻ አየች። ቆይታ ቆይታ መዳፏን አነሳች።

"አትሂድ ብዬው ነበር" አለች። "እኔንም አልሰማኝ።"

ጎንበስ ብላ ደግማ አየችው። "እንኳን አንተን አልሰማህ" አለችኝ።

ፎቶውን ጫማው አጠገብ አቁማ ለቅሶዋን ጀመረች። እንዲያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። አባባ ሸዋንግዛው ጋቢያቸውን ተከናንበው አብረው አለቀሱ። እኔም እዚያው በተንበረከክሁበት አለቀስኩ።

ዲስኩን ኋላ አዲስ አበባ ልኬ ነበር። ጥቂት ፎቶ ተመለሰ፣ የሚበልጠው አልተመለሰም። የአባቴ አልተመለሰም። በሱቄ በር ላይ ፎቶዎቻችሁን አጥፍቻለሁ፣ በእጃችሁ ያለውን አምጡልኝና በነፃ እገለብጣለሁ ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉን ስለጥፍ የገረፉኝ ያህል አፈርኩ። የሰደበኝ አለ፣ ከነአልበሙ የመጣልኝም አለ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አዲስ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው ልላችሁ አይደለም። እሱን እኔም አላውቅም። ብቻ ፍርሃቴ ያን ሁሉ ዓመት አንድም ፎቶ አልጠበቀልኝም። ሁሉን አንድ ቦታ ሰብስቦ እስኪጠፋ ነው የጠበቀው። ያን ጊዜ አንዲት ቃል፣ አልገለበጥኩም የምትለዋን፣ ለራሔል ብናገር ኖሮ የአባቴ ፊት ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ነበር። እናንተም ቆይ ያላችሁት ነገር ካለ፣ ዛሬ ማታ ሳይሆን አሁን ተነሥታችሁ ገልብጡት። ሳይቃጠል በቅጠል።

እኔ ግን ድኛለሁ እንዳትሉ፤ ዛሬም ፈሪ ነኝ። ትናንት ጠዋት ያ መልእክት በአዲሱ ኮምፒውተሬ ላይ እንደገና መጣ። ሌላ አዲስ ዊንዶውስ ወጥቷል፣ ይሻገሩ ይላል። ሁለቱ መጫኛዎች እዚያው ከሥሩ አሉ። ተነሥቼ ፎቶዎቹን በሁለት ዲስክ ገለበጥኩ፤ አንዱን ለራሔል ሰጠሁ፣ ሌላውን ተዋበች ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ምድጃውን ከሱቁ አወጣሁት። ከዚያ አሁን የሚለውን ተጫንኩ።

ሁለት ሰዓት ያህል ቁጥሩን እያየሁ በብርድ ተቀመጥኩ። ሲያልቅ ከሁሉ በፊት የከፈትኩት ሰኔ ኡራኤልን ነው። ልጁ እዚያው ነው፣ እየሳቀ።